ሰማያዊው ጠርዝ

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ ሁሉ እትዬ መርፌ ነው የሚላት። ቅጥነቷን አይተው ነው የሚሉ አሉ፤ ምላሷን ቀምሰው ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱንም አልክድም። ቤቷ ከኔ ቤት ሦስተኛው በር ነው። መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ትሰፋለች፣ ከመጋረጃው ጀርባ ባለችው ትተኛለች። የደረሰባትን ግማሹን ከራሷ አፍ ሰምቼዋለሁ፣ ግማሹን ቆሜ አይቼዋለሁ፤ በጥቂቱም የኔ እጅ አለበት።

ባሏ ግንበኛ ነበር። ሥራ በጠፋበት ዓመት ሩቅ ከተማ ሄዶ ሕንፃ ሲሠራ የቆመበት መወጣጫ ተደረመሰና ሞተ። ኪሱ ውስጥ መታወቂያ አልተገኘም። ወሬው እሷ ዘንድ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ያኔ ሴት ልጇ ገና ዳዴ ትላለች፤ እኔ ጋ ጥላት በማለዳው አውቶቡስ ሄደች። ስትደርስ ማዘጋጃ ቤቱ ቀብሮታል። የአስከሬን ክፍሉን ሠራተኛ ይዛ "በምን ገነዛችሁት?" ብላ ጠየቀችው። ሰውየው ዓይኑን ሰበረ።

"እህቴ፣ ምን ብዬ ልዋሽሽ። ጨርቅ አልነበረንም። የሲሚንቶ መሸፈኛ ላስቲክ ነው የተገኘው።"

በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ልጇን ከእጄ ተቀብላ እየታቀፈች፣ "ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ልብስ ስሰፋ ኖሬ፣ የኔ ሰው በላስቲክ ተጠቅልሎ ገባ" አለችኝ። እንባ አልወጣትም። ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ የጎረቤት ሱሪ ታሳጥር ነበር።

ጥቂት ወራት አለፉ። አንድ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ ቄሱን ጠበቀቻቸው። "አባ፣ ሰው ሁሉ ከዐሥር አንዱን ያወጣል። እኔ ከምኑ ላውጣ? የማገኘው ከእጅ ወደ አፍ ነው። ዝም ብዬ ልቅር?" አለቻቸው። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፣ ጆሯቸውም ትንሽ ይከብዳል። ሁለት ጊዜ አስደገሟትና፣ "ገንዘብ ከሌለሽ ቀን አለሽ አይደል? ከቀንሽ ስጪ" አሏት።

ሌላ ሰው ቢሆን ለማጽናናት የተባለ ነገር ብሎ ያልፈው ነበር። እሷ ግን ቃል በቃል ያዘችው። በየዐሥር ቀኑ አንዱን ቀን ለይታ አወጣች። በዚያ ቀን የደንበኛ ጨርቅ አትነካም። የኛ ሆስፒታል የአስከሬን ክፍል ጓሮ በኩል ነው፤ ጠባቂው ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ስለሚያንጠለጥል ባለ ቁልፉ ይባላል። እሱን ሄዳ፣ ፈላጊ ያልመጣለት ሟች ሲኖር መግነዝ ሰፍታ እንደምታመጣ ነገረችው። ባለ ቁልፉ ከላይ እስከ ታች አያት።

"ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

"ከፋዩስ?"

"ማንም አልኩህ።"

"እንግዲያው ወይ ጻድቅ ነሽ፣ ወይ ጤና የለሽም" አላት። ሁለቱም አለመሆኗን ለማመን ዓመት ያህል ፈጀበት።

የቀረው ጨርቁ ነበር። ከመንገዱ ማዶ ጣቃ ጣቃ ጨርቅ የሚሸጡ ሐጂ ነበሩ። ዝምተኛ ናቸው፤ ሲለኩ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ አይሰማም። እሳቸው ዘንድ ገብታ ነጭ አቡጀዲ ቁርጥራጭ እንዳላቸው ጠየቀች።

"ለምንድን ነው?" አሉ።

"ለማላውቀው ሰው ነው" አለችና ነገሩን አወጣችላቸው። ሐጂ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሟት። ከዚያ ቁርጥራጩን ትተው ከመደርደሪያው አንድ ሙሉ ጣቃ አወረዱ።

"ሐጂ፣ ይሄን ሁሉ አልችልም።"

"ማን ቻይ አለሽ? ዘካዬ ሌላ ነው፤ እሱ ልኩም ባለቤቱም የታወቀ ነው፣ በሕይወት ላሉት ችግረኞች ይሄዳል። ይሄ ሰደቃዬ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። ካንቺና ከኔ ሌላ ሰው አይስማው። ታይቶ የተሰጠ ነገር ለሰጪው አይተርፈውም።"

"እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው" አለች።

"እንግዲያው ተግባባን።"

ጣቃውን ታቅፋ በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። "ሐጂ፣ ሟቹ የናንተ ይሁን የኛ ባይታወቅስ?"

"ራቁቱን ነው አይደል?"

"አዎ።"

"አልብሺው በቃ።"

በኋላ ሱቃቸው ውስጥ፣ በተዘረጋ ጨርቅ ላይ በጠመኔ እያሰመሩ አስተማሯት። ለሙስሊም ሟች ስፌት እንደማያስፈልግ፣ ለወንድ ሦስት ለሴት አምስት ቁራጭ እንደሚበቃ፣ ማሰሪያው ከዚያው ጨርቅ ተቀዶ እንደሚወጣ አሳዩዋት። "እዚህ ላይ እንኳ አረፍ ትያለሽ" ብለው ሲስቁ ያየኋቸው ያን ዕለት ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኖ ዓመታት ሄዱ። ሐጂም አላወሩ፣ እሷም አላወራች፤ እኔም ሱቃቸው ስገባ ስወጣ የሰማሁትን ለራሴ ያዝኩ። ያወራው መጋረጃው ነው። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ልብስ ለመቀየር ወደ ውስጥ ስትገባ፣ አልጋው ላይ ተቆርጦ የተደረደረውን ነጭ ጨርቅ አየች። "ይሄ የማን ቬሎ ነው?" ብላ ጠየቀች። እትዬ መርፌ መዋሸት አታውቅበትም። ሙሽራዋ የተጀመረውን ቀሚሷን እንኳ ሳትወስድ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ሰፈሩ መኪናዋን "የሬሳ መኪና" አላት። እናቶች የልጆቻቸውን የትምህርት ቤት ልብስ ወደ ሌላ ሰፊ ወሰዱ። እኔም ወስጃለሁ። ለልጄ ፈርቼ ነው ብል የባሰ ውሸት ይሆንብኛል፤ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። እሷ የሰማች ቀን መግነዙን በመኪና መስፋት ተወች። በእጇ፣ በመርፌና ክር ሆነ። መንገደኛ እንዲያይላት በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። መኪናዋ ንጹሕ መሆኗን ለማሳየት ነው። ይብሱን ሰው መንገድ ቀይሮ ማለፍ ጀመረ።

ልጅቱ በዚህ መሀል አደገች። ትምህርት ቤት "የከፈን ልጅ" ይሏት ነበር። መድኃኒት ቤት ገንዘብ ተቀባይ ሆና ስትቀጠር ከሥራ ባልደረቦቿ አንዱን እንኳ ቤቷ አምጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ሲጨቃጨቁ ድምፃቸው እኔ ቤት ድረስ ተሰማ።

"ለሞተ ሰው ምን ያደርግለታል? አይበርደው፣ አያፍር! እኔ ግን አለሁ። በሕይወት ያለሁት እኔ ነኝ!"

"አውቃለሁ ልጄ።"

"አታውቂም! ብታውቂ አንድ ቀን እንኳ ለኔ ብለሽ ትተዪው ነበር።"

ወዲያው የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተሰማ።

ሐጂ በመጨረሻ በስትሮክ ወድቀው ግማሽ ዓመት ተኝተው ሞቱ። ጨርቃቸውን እሷ ልትቆርጥላቸው ብትመኝም ወንድን ወንዶች ናቸው የሚገንዙት፤ ከሴቶቹ ጋር ግቢው ጥግ ተቀምጣ ዋለች። ወንዶች ልጆቻቸው ሱቁን ወደ ስልክ መሸጫ ለወጡት። አባታቸው ሲሰጡ የኖሩትን አያውቁም ነበር፤ እሷም ትንፍሽ አላለች። አደራ አለባት። የቀረውን ጣቃ አብቃቅታ ጨረሰችና፣ ከዚያ ከራሷ ጉሮሮ እየቀማች መግዛት ጀመረች። የዚያን ጊዜ ክሳቷ ያስፈራ ነበር።

በዚህ ወቅት ነው ባለ ፋብሪካው የመጣው። የከተማው ትልቁ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሱ ነው። መስጠት ይወዳል፣ አይካድም። ለመስጊዱ ምንጣፍ፣ ለቤተ ክርስቲያኑ ወንበር ሰጥቷል። ወንበሮቹ ጀርባ ላይ ስሙ በጉልህ ተጽፏል፤ ባለ ቁልፉ "ተንበርክኬ ቀና ስል መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ጸሎቴ በሱ በኩል ነው የሚያልፈው" እያለ ይቀልድ ነበር። የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ስለ ሰፊዋ ሲነግረው ወዲያው የፋብሪካ መኪና ላከ። ነጭ ጨርቅ፣ ጣቃ በጣቃ። ቤቷ አልበቃ ብሎ ከፊሉ እኔ ሳሎን ተከመረ።

ፈትተን ስናየው ጠርዙ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ በየክንዱ የሰውየው ስም በሰማያዊ ቀለም ታትሞበታል። ከሥሩ "በቸርነት የተበረከተ" ይላል።

እትዬ መርፌ ፊደሉን በጣቷ ዳሰሰችው። "ስሙን ማንም የማያውቀውን ሰው፣ የሌላ ሰው ስም ጽፌበት ልሸኘው?" አለች። መቀሷን አነሳችና ሰማያዊውን ጠርዝ ቆርጣ ጣለች። ከያንዳንዱ መግነዝ አንድ ስንዝር ያህል ይቀንሳል፤ ለረጅም ሰው ሌላ ጨርቅ ቀጥላ ታሟላዋለች። የተቆረጠውን ጆንያ ውስጥ ትከተዋለች። አምስት ወር እንዲህ ቆየች።

ባለ ፋብሪካው አንድ ረፋድ ፎቶ አንሺ አስከትሎ የአስከሬን ክፍሉ በር ላይ ደረሰ። እሷም ባጋጣሚ የሰፋችውን ይዛ እዚያው ነበረች። መደርደሪያ ላይ የተጣጠፉትን መግነዞች አንድ በአንድ ገለጠ።

"እናት፣ ስሜ የታለ?"

"ቆረጥኩት።"

"ለምን?"

"አፈር እንዳይበላብዎ ብዬ ነው" አለች። ባለ ቁልፉ ሳቁ አመለጠው። ፎቶ አንሺውም ወደ ግድግዳው ዞረ። የሰውየው ጆሮ ቀላ። አንድም ቃል ሳይጨምር ወጣ፤ በማግሥቱ መኪናው መጥቶ የቀረውን ጣቃ በሙሉ፣ እኔ ቤት የነበረውን ጭምር፣ ጭኖ ሄደ። ያን ጊዜ ተሳስቀናል። ምላሷን አድንቀናል።

ከሦስት ሳምንት በኋላ የትኩሳት ወረርሽኝ ገባ። መጀመሪያ የቀን ሠራተኞች በሚያድሩበት የታችኛው ሰፈር፣ ቀጥሎ በየቦታው። ዘመድ ያለው እንኳ ቀባሪ ያጣበት ጊዜ ነበር፤ ዘመድ የሌለውማ አይጠየቅ። እሷ የቀራትን ጨርቅ በሁለት ቀን ጨረሰች። ቀጥሎ የአልጋዋን አንሶላ ቆረጠች፣ ቀጥሎ ያንን መጋረጃ። ከዚያ በኋላ የሚቆረጥ ነገር አልነበረም። በዚያ ሳምንት ዐሥራ አንድ ሰው በላስቲክ ተቀበረ።

ባለ ቁልፉ በሰባተኛው ቀን ቤቷ መጣ። እኔም ነበርኩ። የሥራ ልብሱን አላወለቀም፤ ልግባ ሳይል ደጃፉ ላይ ቆመ። ዓይኑ ጥጉ ላይ ያለው ጆንያ ላይ አረፈ።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ያ የቆረጥኩት ነው።"

ሄዶ ከፈተው። አንዱን ጠርዝ መዞ ሁለት እጁ ላይ ጠመጠመው። "ዛሬ ጧት አንዲት ሕፃን ቀበርኩ" አለ። "ከተወለደች አራት ቀኗ ነው። እናቷ ቀድማ ሄዳለች። በመድኃኒት ካርቶን ነው የቀበርኳት፤ ላስቲኩም አልቆ። ይሄ ጠርዝ እኮ ይበቃት ነበር፣ እትዬ። ይበቃት ነበር።"

ክፉ ሰው አይደለም። ሊያቆስላት ብሎም አልተናገረም፤ ደክሞት ነው። ጨርቁን ወደ ጆንያው መልሶ ሄደ። እሷ መኪናዋ ፊት እንደተቀመጠች ቀረች። "እኔ ለራሴ ክብር ነው ለካ የቆረጥኩት" አለች በስተመጨረሻ። "ለነሱ መስሎኝ ነበር እኮ።"

የጆንያውን አፍ አሰርኩት።

በማግሥቱ ወደ ፋብሪካው በር ሄደች። ዘበኛው ቀጠሮ አለሽ ወይ አላት። የለኝም አለች። ከግንቡ ሥር ቁጭ አለች። በሁለተኛው ቀን ምሳዋን ይዤላት ብሄድ አልበላ አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ባለ ፋብሪካው በመኪናው ሲወጣ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አያት፤ ወደ ውስጥ አስገቧት አለ።

ውስጥ የሆነውን ብዙ ሰው አይቶታል፤ ተቀርጾ በየስልኩ ዞሯልና። እትዬ መርፌ ከትልቅ ጠረጴዛ ፊት ቆማለች። ከካሜራው ጀርባ ያለ ሰው ምን እንደምትል ይነግራታል፣ እሷ ትደግማለች። "ለምስኪኖች የተሰጠውን ጨርቅ ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ድርጅቱ ይቅር እንዲለኝ እለምናለሁ።" "ጮክ በይ እናት፣ አልተሰማም" ይላታል። ትደግመዋለች። በሦስተኛው ድምጿ ተሰማ። ያቺ ምላሰኛ ሴት፣ አንድም ቃል ከራሷ አልጨመረችም።

ጨርቁ በዚያው ቀን ተመለሰ። ጠርዙ ጋ መቀስ አላስጠጋችም። ስሙን እንዳለ ትታ፣ ለአዋቂም ለሕፃንም፣ ለክርስቲያኑ እየሰፋች ለሙስሊሙ እየቆረጠች፣ ትኩሳቱ እስኪበርድ በየቀኑ ላከች። ከዐሥር አንድ ቀን የሚባለው ነገር ቀረ። ባለ ቁልፉ እንደነገረኝ በዚያ ወቅት ከመቃብሩ በላይ ቆሞ ቁልቁል ላየ ሰው፣ አፈሩ እስኪመለስ ድረስ፣ ተርታውን የአንድ ሰው ስም ነው የሚነበበው።

ልጅቱ ምስሉን መድኃኒት ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኛ ስልኩ ላይ ሲያሳያት ነው ያየችው። እየሳቀ ነበር ያሳያት፤ እናቷ መሆኗን አላወቀም። ቤት መጥታ ሻንጣዋን አወጣች። እትዬ መርፌ ልብሷን እያጣጠፈች አቀበለቻት።

"ለሬሳ ስትሰፊ አፈርኩብሽ፣ ልክ አልነበርኩም" አለች ልጅቱ፣ ዚፑን እየታገለች። "አሁን ግን አንቺን እንደዚያ ሲያደርጉሽ ማየት አልችልም። እዚህ ከተማ ውስጥ መኖር አልችልም፣ እማዬ።"

"ሂጂ። አልቀየምሽም" አለች እናቷ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝታ ሄደች። በየሳምንቱ ትደውላለች። ስለ ዝናቡና ስለ ጤና ያወራሉ፤ ስለ ሥራ አይጠያየቁም።

ባለ ፋብሪካው ትኩሳቱ ካለፈ በሁለተኛው ወር መላክ አቆመ። አልተቆጣም፣ አልተጣላም። ትምህርት ቤት ማሠራት ጀምሮ ነበርና ረሳው። ጥሩ ትምህርት ቤት ነው ይላሉ።

ከዚያ ወዲህ እትዬ መርፌ ትለምናለች። የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይም የመስጊዱ በር ላይም ቆማ፣ ለራሷ ሳይሆን ለጨርቅ። ምስሉን ያዩ ሰዎች "ይቺ ያቺ አይደለችም?" ይባባላሉ። ግማሹ ያልፋታል። አንድ ዓርብ የሐጂ ባለቤት ከሶላት ስትወጣ አየቻትና አጠገቧ ቆመች። ሁለቱ እስከዚያ ቀን ከሰላምታ በቀር ተነጋግረው አያውቁም።

"ባለቤቴ ካንቺ ጋር አንድ ነገር ነበረው" አለች የሐጂ ባለቤት። "ሱቅ ሲዘጋ ነጭ ብናኝ ልብሱ ላይ ይኖራል። ጠይቄው አያውቅም። ይሄ ነበር?"

እትዬ መርፌ ዝም አለች። ሰውየው ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏል፤ አደራው ግን አላለቀም።

"ገባኝ" አለች ሴትዮዋ። "አትንገሪኝ።"

በማግሥቱ ሁለት አንሶላ ላከች። ታጥቦ ተተኩሷል፤ አንደኛው አበባ አለበት። እትዬ መርፌ አበባው አስጨንቋት ሰው ልካ ኢማሙን አስጠየቀች። ነጭ ቢሆን ይመረጣል፣ ከጠፋ ግን ንጹሕ ይሁን እንጂ ግድ የለም የሚል መልስ መጣ። ሽማግሌው ቄስ ሞተዋል፤ የተተኩት ወጣት ቄስም ተመሳሳይ ነገር አሏት። ከዚያ በኋላ ሌሎች ሴቶችም ጀመሩ፤ ማን ለማን እንደነገረ አላውቅም። ጠዋት በር ስትከፍት ደጃፉ ላይ የተጠቀለለ አንሶላ ታገኛለች። አንኳክቶ የሚሰጣት የለም። እኔም ሁለቴ አስቀምጫለሁ። ዝም ማለት ነበረብኝ፣ አሁን ነገርኳችሁ።

አሁን ባለቤት የሌላቸው የከተማችን ሟቾች በአበባ፣ በጭረት፣ በወፍ ሥዕል ተጠቅልለው ነው የሚገቡት። በቂ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ደጃፉ ባዶ የሆነበት ሳምንት ብዙ ነው። የእሷም ዓይን እየደከመ ነው። ባለፈው ማክሰኞ እዚያው ቁጭ ብዬ ክር ሳስገባላት ስልኳ ጮኸ፤ ባለ ቁልፉ ነው።

"ስንት ናቸው?" አለች።

"ሁለት" ሲል እኔም ሰማሁት።

እጇ ላይ ያለውን የተጣፈ አንሶላ ገልብጣ አየችው። "የአንድ ነው ያለኝ" አለች።

ባለ ቁልፉ "እሺ" ብሎ ዘጋው። እሷም መርፌውን ከእጄ ተቀበለች።